ትንሹ የምርምር ድጋፍና የቃዲው ችሎት

በኢትዮጵያ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች አንድ ችሎት ላይ ሁለት ዓይነት ትምህርት ይገናኛል። ቃዲው ዘመኑን በፊቅህ ያሳለፈ ዓሊም ነው፤ የመጥሪያ አደራረስና የይግባኝ ጊዜ አቆጣጠር ግን ከኪታብ የሚቀዳ ዕውቀት አይደለም። ከፊቱ የሚቆመው ጠበቃ ደግሞ የሥነ ሥርዓት ሕጉን በዩኒቨርሲቲ ተምሯል፤ ፈራኢድን ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚማረው ከሥራው ነው። አዋጅ ቁጥር 188/1992 ሁለቱን ያለ አስታራቂ አገናኝቷቸዋል። ጉዳዩ በእስልምና ሕግ ይዳኛል፤ ክርክሩ የሚመራው ግን በመደበኛው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው።

ይህ ክፍተት የሚሞላው በሕግ ትምህርት ነው። ትምህርቱን ለማሻሻል ደግሞ አስቀድሞ ክፍተቱ የት ላይ እንደሆነ በጥናት መለየት ያስፈልጋል። ለዚህ ሥራ ታላቅ በጀት መጠበቅ አይገባም፤ ዩኒቨርሲቲዎችና የሙያ ማኅበራት ለመምህራን የሚሰጡት አነስተኛ የምርምር ድጋፍ ይበቃዋል። እንዲህ ያለው ድጋፍ ሕንፃ አይሠራም፤ ለጉዞ፣ ለቃለ መጠይቅ፣ ለጽሕፈትና ለትርጉም የሚሆን ወጪን ግን ይሸፍናል።

ብዙ ማመልከቻዎች የሚወድቁት ገንዘቡ ስላነሰ ሳይሆን ጥያቄው ስለሰፋ ነው። «የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በኢትዮጵያ፦ ችግሮችና መፍትሔዎች» የሚል ርእስ ይዞ የሚቀርብ አመልካች በአንድ ዓመትና በጥቂት ገንዘብ የማይፈጸም ነገር ቃል ገብቷል። ገምጋሚውም ይህን ለማወቅ ከመጀመሪያው ገጽ ማለፍ አያስፈልገውም። ትንሽ ድጋፍ ጠባብ ጥያቄ ይፈልጋል።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው የተከራካሪዎች ፈቃድ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 የግልና የቤተሰብ ክርክሮች በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኙ የሚፈቅደው ተከራካሪዎቹ ፈቃደኛ ሲሆኑ ብቻ ነው። በ1996 ዓ.ም. የፌዴሬሽን ምክር ቤት በአንድ የውርስ ጉዳይ፣ ተከሳሿ የሸሪዓውን ችሎት ሥልጣን ተቃውማ ሳለ የተሰጠው ውሳኔ ሕገ መንግሥቱን የሚጥስ ነው ብሎ ሽሮታል። ጉዳዩ እዚያ ከመድረሱ በፊት በበርካታ ችሎቶች አልፏል። ፈቃድ ገና በመጀመሪያው ቀን በሚገባ ተጠይቆ ቢሆን ኖሮ የዓመታት እንግልት በቀረ ነበር።

እንግዲህ በሐረማያ ወይም በጅማ የሚያስተምር አንድ የሕግ መምህር እንዲህ ብሎ ሊጠይቅ ይችላል፦ የመጨረሻ ዓመት የሕግ ተማሪዎችና አዲስ የተሾሙ ቃዲዎች የፈቃድን ትርጉም እንዴት ይረዱታል? የት ላይስ ይለያያሉ? ጥያቄው ጠባብ ነው፤ መልሱ ግን የአንድ ኮርስ ምዕራፍ ወይም የአንድ ሳምንት ሥልጠና ይወጣዋል። ገምጋሚ የሚፈልገውም ይህንኑ፣ ማለትም ድጋፉ ሲያልቅ በእጅ የሚቀር ፍሬ ነው።

ቀሪው የዝግጅት ጉዳይ ነው። የቤተሰብ ምስጢር የሚነካ ጥናት የሥነ ምግባር ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ የባለጉዳዮችም ስም መሸሸግ አለበት። ከፍርድ ቤቱ የትብብር ደብዳቤ ማግኘት ጊዜ ይወስዳል። የሥራ መርሐ ግብሩ ረመዳንንና የፍርድ ቤቶችን የክረምት ዕረፍት ካላሰበ በወረቀት ላይ ይቀራል። ከዐረብኛ የሚተረጎም ሰነድ ካለም የተርጓሚው ክፍያ ከመነሻው በበጀቱ ውስጥ መግባት ይኖርበታል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ ማመልከቻ በመጨረሻው ሌሊት አይጻፍም።

የሸሪዓ ዕውቀት የዑለማዎች እንጂ የሕግ መምህራን አይደለም የሚሉ ይኖራሉ። ስጋቱ ከንቱ አይደለም፤ ፊቅህን ሳያውቁ ስለ ቃዲ መጻፍ ዓሊሙንም ተከራካሪውንም ይበድላል። ነገር ግን መፍትሔው ጥናቱን መተው ሳይሆን በጋራ ማመልከት ነው። የሕግ መምህሩና ከመዲና ወይም ከአል-አዝሃር የተመረቀው ዓሊም በአንድ ማመልከቻ ላይ ሲፈርሙ፣ በችሎቱ የሚታየው ክፍተት በእነርሱ መካከል መጥበብ ይጀምራል።

ነገሩ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሚኖረው ኢትዮጵያዊ ሙስሊምም ሩቅ አይደለም። በሪያድ ወይም በዱባይ የሚሠራ ሰው የአባቱ ውርስ አገር ቤት ይከፈላል፤ የፍቺና የቀለብ ክርክሩም እዚያው ሊታይ ይችላል። አዋጁ ደግሞ መጥሪያ በአግባቡ ደርሶት ያልቀረበን ተከሳሽ እንደፈቀደ ይቆጥረዋል። እንግዲህ መጥሪያው በእርግጥ ለባለቤቱ መድረሱን አጥብቆ የሚጠይቅ ቃዲና ጠበቃ መኖሩ፣ በስደት ላለ ሰው የመብቱ ዋስ ነው።

በእስልምና ታሪክ የመድረሳዎችን መምህራንና ተማሪዎች ለዘመናት ያኖረው ወቅፍ ነበር። ወቅፍ ዛሬም የሸሪዓ ፍርድ ቤቶቹ እንዲዳኙ ሥልጣን ከተሰጣቸው ጉዳዮች አንዱ ነው። በስደት ያሉ ማኅበራት ለመስጊድ ግንባታ የሚያሰባስቡትን ያህል ባይሆንም፣ በዓመት አንድ መምህርና አንድ ዓሊም በጋራ ለሚያካሂዱት ጥናት የሚሆን ጥቂት ገንዘብ ቢመድቡ የአባቶችን ልማድ አደሱ እንጂ አዲስ ነገር አላመጡም። የገንዘቡም ፍሬ ነገ በቃዲው ፊት በሚቆሙት ባልና ሚስት፣ የቲምና ወራሽ ጉዳይ ላይ ይታያል።