ብርሃኑም ይጻፍ፣ ድንጋዩም ይጻፍ

ታሪክ ሲባል አንገታችንን ወደ አክሱም፣ ወደ ላሊበላና ወደ ጎንደር ብቻ ማዞር ለምዶብናል። መንገድ ዳር ያለች ትንሽ ከተማማ ለእኛ ሻይ መጠጫና ጎማ ማስነፊያ ናት! ለመሆኑ ታሪክ ግንብ ካልቆመለት ታሪክ አይደለም ያለው ማነው?

ይህን የምለው ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ሲና ያለውን መንገድ በብስክሌት ስለማውቀው ነው። «ብስክሌት ደግሞ የቅንጦት ነው» የሚል ካለ፣ አገራችን በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትሰለፍ ብስክሌተኞችም እንደነበሯት ያስታውስ። በአውቶቡስ የሚሄድ ሰው ከተማዋን በመስኮት አይቷት ያልፋል። ባለብስክሌቱን ግን ዳገቱ ራሱ ያስቆመዋል። ውኃ ይለምናል፤ «አረፍ በል ልጄ» ይባላል፤ አረፍ ሲል ደግሞ ወግ ይመጣል።

ሸኖን እንውሰድ። አዲስ አበቤ ሸኖን የሚያውቃት በለጋ ቅቤዋ ነው። ከዚሁ መስመር ሳይርቅ፣ ሰገሌ ላይ፣ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. የልጅ ኢያሱ አባት ንጉሥ ሚካኤል ከሸዋ ጦር ጋር ገጥመው እንደተሸነፉና የዘውዱ ነገር በዚያ እንደተቆረጠ ስንቱ ያውቃል? ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ፣ ያ «አባ መላ» የተባሉት፣ ንጉሡን በመልእክት እያዘናጉ ጦር እንዳሰባሰቡ የሚነገረው ጨዋታ ከቅቤው አያንስም ነበር።

ደብረ ብርሃን ስንደርስ ነገሩ ይጠብቃል። በ15ኛው መቶ ዘመን፣ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ጊዜ፣ ሰማይ ላይ ብርሃን ታየ፤ ንጉሡም ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ ቦታውም ደብረ ብርሃን ተባለ። ሕዝቡ የሚያወራው እስከዚህ ነው። ዜና መዋዕሉ ግን አንድ ነገር ይጨምራል። ብርሃኑ የታየው «መናፍቃን» የተባሉ ሰዎች በድንጋይ ተወግረው ከተገደሉ ከ38 ቀን በኋላ ነው፤ ንጉሡም እግዜር ሥራዬን ወደደልኝ ብለው ተረጎሙት። ብርሃኑ በ1456 እ.ኤ.አ. የታየው የሃሌ ጅራታም ኮከብ ሳይሆን አይቀርም ያሉም አሉ። የሆነው ሆኖ፣ ብርሃኑ የከተማ ስም ሆኖ ቀረ፤ ድንጋዩ ተረሳ። ገዢዎች የሚወዱትም እንዲህ ያለውን ታሪክ ነው!

ወደ ጣርማ በር እንለፍ። ጣሊያን በወረራው ዘመን ተራራውን ያስበሳበትን መተላለፊያ ሰው «የሙሶሊኒ ዋሻ» ይለዋል። ጉድ እኮ ነው! ዓለቱን የፈለፈሉት ሠራተኞች ስም የለም። በዚያው በሸዋ ተራሮች ከራስ አበበ አረጋይ ጋር ሆነው ጠላትን መውጫ መግቢያ ያሳጡት አርበኞች ስም የለም። ሮም ተቀምጦ ያዘዘው ሰው ስም ግን ዛሬም በየአፋችን አለ።

ቁልቁለቱን ሲጨርሱ ደብረ ሲና ናት። ቆሎዋን ቆርጥመን መንገዳችንን እንቀጥላለን። ማን ያወራልን ነበር? አንድ ቀን ይጠየቃል ስንል ግን ጊዜ አይጠብቅም። በ2013 ዓ.ም. በዚሁ መስመር ያለችው አጣዬ ስትቃጠል፣ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ሲደርስ፣ ስንት ሽማግሌ ከቀዬው ተፈናቀለ? ቤት ሲቃጠል ቆርቆሮው ይቆጠራል፤ ከሽማግሌው ጋር የሄደውን ወግ የሚቆጥር ኮሚቴ ግን አልሰማሁም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ለዚህም አውደ ጥናት ይጠራ፣ ውሎ አበል ይታሰብ እንዳይባል እፈራለሁ። የምጠይቀው ትንሽ ነው። በየከተማው ያለ የታሪክ መምህር ተማሪዎቹን ደብተር አስይዞ ወደ ሽማግሌዎች ይላክ፤ የሰበሰቡት በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ። ኪሎ ሜትር ብቻ የሚናገረው የመንገድ ምልክት አጠገብም የቦታውን ታሪክ የሚናገር አንድ ሰሌዳ ይቁም።

ሲጻፍ ግን ተመርጦ አይሁን። ተረቱ ተረት ተብሎ፣ ታሪኩ ታሪክ ተብሎ፣ ሁለቱም ይጻፉ። ባለሥልጣን የሚወደውን ብርሃን ብቻ ጽፈን ድንጋዩን ከደበቅን፣ ነገ ድንጋይ የሚያነሳው ሰው ከማን ይማራል?

ልብ ያለው ልብ ይበል!