ፈቃዱን ማን ሰጠ?

እንጦጦ ማርያም ቤተ መዘክር የነገሥታቱን አልባሳት ሊጎበኙ የሚመጡ ተማሪዎችን አውቶቡስ ሳይ ደስ ይለኛል። ምኒልክ እዚህ ጥቅምት 1882 ዓ.ም. መንገሣቸውን፣ ከዚያም አድዋን ይማራሉ። አውቶቡሱ በሽሮ ሜዳ ቁልቁል ወርዶ ስድስት ኪሎ ሲደርስ ግን የየካቲት 12 ሰማዕታትን ሐውልት ዞሮ ያልፋል። ድሉን ያስተማርነውን ያህል እልቂቱን አላስተማርንም።

ብዙዎቻችን የምናውቀው አጭሩን ታሪክ ነው፦ የካቲት 12 ቀን 1929 አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በጣሊያኑ እንደራሴ ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ጣሉ፣ ጣሊያን ተቆጥቶ ሕዝቡን ሦስት ቀን ፈጀ። ቁጣ ብቻውን ግን ሦስት ቀን አይገድልም። የፋሺስት ፓርቲው የአዲስ አበባ ኃላፊ ጉይዶ ኮርቴዜ ለጥቁር ሸሚዝ ለባሾቹ ያሻቸውን እንዲያደርጉ ፈቀደላቸው። ሲቪል ጣሊያናውያንም አብረዋቸው ወጡ። ጎጆውን ቤንዚን አርከፍክፈው ከነሰዉ አነደዱት። ሟቾቹን የኢትዮጵያ መንግሥት 30,000 ሲል፣ ታሪክ አጥኚው ኢያን ካምቤል 19,000 ገደማ ይገምታል። በየትኛውም ስሌት ቢሆን ዘግናኝ ነው።

ይበልጥ ሊጠና የሚገባው ግን ቀጥሎ የመጣው ነው። በመጋቢት ግራዚያኒ አዝማሪዎችና ጠንቋዮች ተይዘው እንዲረሸኑ አዘዘ፤ የጣሊያን አገዛዝ ማብቂያው ደርሷል እያሉ ያወራሉ በሚል። የተማሩ ወጣቶች ተለቅመው ተገደሉ። በግንቦት የጣሊያኑ ጄኔራል ማሌቲ የደብረ ሊባኖስ ገዳምን መነኮሳትና ዲያቆናት አስረሸነ። ይህ የበቀል ግርግር አይደለም። ሕዝቡ የሚሰማቸውንና የሚከተላቸውን ሰዎች መርጦ ማጥፋት ነው።

ግራዚያኒ ለዚህ አንድም ቀን ችሎት ፊት አልቆመም። በ1942 የጣሊያን ፍርድ ቤት 19 ዓመት የፈረደበት ከናዚ ጀርመን ጋር በመተባበሩ ነበር፤ እሱንም ጥቂት ወራት ብቻ ታስሮ ወጣ። ነሐሴ 2004 አፊሌ በምትባል የጣሊያን ከተማ መታሰቢያ ቆመለት!

እኛስ? የዘር ማጥፋት ወንጀልን የሚከለክለውን ዓለም አቀፍ ስምምነት ከሁሉም አገር ቀድማ ሰኔ 1941 ያጸደቀችው ኢትዮጵያ ናት። የ1949ኙ የወንጀል ሕጋችን ከስምምነቱም አልፎ የፖለቲካ ቡድኖችን ጨመረ፤ የደርግ ባለሥልጣናት ከ1987 እስከ 1999 ተከራክረው ጥፋተኛ የተባሉት በዚያ አንቀጽ ነው። ገዢዎቹን በገዛ ፍርድ ቤቱ በዚህ ወንጀል የዳኘ አገር ብዙ የለም።

ይህ ሁሉ እያለን በ2013 በሰሜኑ ጦርነት ማይካድራና አክሱም ላይ ሲቪሎች ሲጨፈጨፉ አብዛኛው ሰው ያለቀሰው ለራሱ ወገን ሟች ነው፤ የሌላውን ሟች የካደም አለ። ይህ ያመኛል። በሁለቱም ጭፍጨፋዎች ላይ አንድ ዓይነት ጥያቄ መጠየቅ ነበረብን፦ ማን አዘዘ፣ ማን ፈቀደ፣ ማን ተመርጦ ተገደለ፣ ማንስ ሳይጠየቅ ቀረ? ይህን መጠየቅ ደግሞ በልጅነት ይለመዳል። ትምህርት ሚኒስቴር የየካቲት 12ን ሰነዶችና የደርግን ችሎት መዝገብ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በሚገባ አማርኛና በሌሎቹም ቋንቋዎቻችን አዘጋጅቶ በመማሪያ መጽሐፉ ያስገባ፤ ከእንጦጦ የሚወርደው አውቶቡስም ስድስት ኪሎ ላይ ይቁም።