አሻንጉሊቱን ከካርቶኑ አውጡት!

ከጓደኞቻችን አንዱ በመኝታ ክፍሉ መስኮት ላይ አምስት ትናንሽ የፕላስቲክ ሰዎች ከደረደረ ወዲህ ክፍሉ እንግዳ አጥቶ አያውቅም። ቁመታቸው ከመካከለኛ ጣት እምብዛም አይበልጥም። አንዱ ነጭ ጥሩር የለበሰ ወታደር ነው፤ አንዱ ጥቁር ካባ የደረበ ጨካኝ ሹም ነው፤ አንዱ በርሜል የመሰለ ሮቦት ነው፤ አንዱ ከራሱ እስከ እግሩ ጠጉር የለበሰ ፍጡር ነው፤ አምስተኛው ቀኝ እጁ የተነቀለ ወጣት ጀግና ነው። «ስታር ዎርስ» የተባለውን ፊልም ያየ ሁሉ ገና ከበሩ ሆኖ ያውቃቸዋል።

የሚመጡት እንግዶች ግን ሁለት ወገን ናቸው። የመጀመሪያው ወገን ይስቃል። «የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በአሻንጉሊት!» ይልና እየሳቀ ይወጣል። ሁለተኛው ወገን አይስቅም። አንዱን አንሥቶ ያገላብጣል፤ ስልኩን ያወጣል፤ ዋጋ ይፈልጋል፤ ከዚያም ፊቱ ጠቆር ይልና «ካርቶኑ የት አለ?» ብሎ ይጠይቃል። የለም ሲባል፣ «ካርቶኑ ቢኖርና ባይከፈት ኖሮ እኮ አልፎልህ ነበር!» ብሎ እንደ ለቅሶ ቤት ሰው አጽናንቶት ይሄዳል።

እኛ ከሁለቱም ወገን ጋር ጠብ አለን። የሚበልጠው ጠባችን ግን ከሁለተኛው ጋር ነው። የመጀመሪያው ቢያንስ ዕቃውን አይቶ ሳቀ፤ ሁለተኛው ያየው የሌለውን ካርቶን ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንጀምር (ዓመቶቹን የምንጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ፊልሙ በአሜሪካ ለሕዝብ የታየው በግንቦት 1977 ነበር። አሻንጉሊቶቹን ለመሥራት የተዋዋለው ኬነር የተባለ የሲንሲናቲ ከተማ ኩባንያ ነው። ፊልሙ ይህን ያህል ይወደዳል ብሎ የጠበቀ ሰው ስላልነበረ፣ የዚያ ዓመት የገና በዓል ሲደርስ አሻንጉሊቱ ገና አልተሠራም። ታዲያ ኩባንያው ምን ሸጠ ትላላችሁ? ባዶ ካርቶን ሸጠ! በውስጡ አንድ የምስክር ወረቀት አለ፤ ልጁ ወረቀቱን በፖስታ ቤት ይልካል፤ በ1978 መጀመሪያ አራት ምስሎች ይመጡለታል። እነርሱም ሉክ፣ ልዕልት ሌያ፣ ቹባካና አር ቱ ዲ ቱ የተባለው ሮቦት ነበሩ። አባት በገና ዋዜማ ለልጁ ባዶ ካርቶን ይዞ ሲገባ የነበረውን ፊት እስኪ አስቡት። የሆነ ሆኖ ልጆቹ ታገሡ፤ በዚያው በ1978 የመጀመሪያዎቹ ዐሥራ ሁለት ምስሎች በየሱቁ ወጡ፤ ሥራውም እስከ 1985 ቀጠለ።

ቁመታቸው ዘጠኝ ሴንቲሜትር ተኩል ያህል ብቻ መሆኑም ያለ ምክንያት አይደለም። ከዚያ በፊት የታወቁት የወታደር አሻንጉሊቶች ሠላሳ ሴንቲሜትር ያህል ይረዝሙ ነበር። በፊልሙ ያለችው የጠፈር መርከብ በዚያ ልክ ብትሠራ ከአንድ ቤት በር አትገባም። ስለዚህ ሰዎቹን አሳጠሯቸው፤ መርከቢቱም በልጅ ጠረጴዛ ላይ ልትቀመጥ ቻለች። ይኸውም ምስሎቹ ገና ሲታሰቡ ጀምሮ የታሰቡት ለጨዋታ፣ መርከብ ውስጥ ለመግባትና ለመውጣት ነው እንጂ በመስታወት ውስጥ ታሽጎ ለመኖር አይደለም ማለት ነው።

ዛሬ ግን ሌላ ሥርዓት ቆሟል። ያልተከፈተውን ካርቶን ተቀብሎ የሚመረምር፣ እንደ ፈተና ወረቀት ነጥብ የሚሰጥና በወፍራም ብርሌ ፕላስቲክ አሽጎ የሚመልስ ድርጅት አለ። ነጥቡ ከፍ ካለ ዋጋው ሰማይ ይወጣል። ቦባ ፌት የተባለውን ምስል ብቻ እንመልከት። ኬነር በ1979 ከጀርባው ሮኬት የሚተኩስ ቦባ ፌት በፖስታ እልካለሁ ብሎ አስታወቀ። በኋላ ግን ትንሿ ሮኬት የሕፃን ጉሮሮ ታንቃለች የሚል ሥጋት ስለ መጣ ሮኬቱን ከጀርባው ጋር አጣብቀው ላኩት። ለሙከራ ከተሠሩት የሚተኩሱት ጥቂቶች ቀሩ፤ ከእነርሱ አንዱ በ2024 በጨረታ 525 ሺህ ዶላር ተሸጠ። አንድም ልጅ ተጫውቶበት የማያውቅ አሻንጉሊት ከአሻንጉሊት ሁሉ የከበረ ሆነ ማለት ነው! ይህን ስናነብ አንዳንዶቻችን ቀናን፤ አንደብቅም። ከቅናቱ በኋላ ግን ነገሩ ግራ አጋባን።

እርግጥ ነው፣ ሁሉም ካርቶን ተቀዶ ቢጣል ኖሮ ዛሬ ካርቶኑ ምን ይመስል እንደ ነበር ማን ያውቅ ነበር? ጥቂቱን ያላስነኩ ሰዎች ለታሪክ ባለውለታ ናቸው፤ ይህን እንቀበላለን። የምንቃወመው የታሸገው ብቻ «ዕቃ» ተብሎ፣ የተጫወቱበት ግን እንደ ጉድፍ መቆጠሩን ነው።

የተጫወቱበት ምስል የሚናገረውን የታሸገው ሊናገር አይችልም። የጓደኛችን ወጣት ጀግና ቀኝ እጁን ያጣው እንዴት እንደ ሆነ እናውቃለን። አምስቱን ምስሎች የሰጠችው በዋሽንግተን የምትኖር አክስቱ ናት። በ1980ዎቹ ከልጇ ጋር በሱዳን አድርጋ አሜሪካ ስትገባ ልጁ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። እንግሊዝኛ አያውቅም፤ የሠፈሩ ልጆች አማርኛ አያውቁም። ጎረቤት ያገለገለ ዕቃ በግቢው ሲሸጥ አክስቲቱ አምስቱን ምስሎች ከአንድ ድስት ጋር ገዛች። ልጁ ነጩን ወታደር ይዞ ደጅ ሲቀመጥ ሌላ ልጅ ሌላ ወታደር ይዞ መጣ፤ ጨዋታው በቋንቋ ሳይሆን በ«ጥሽ! ጥሽ!» ተጀመረ። እጁ የተነቀለው በዚያው ሰሞን፣ ጀግናው የኔ ነው የኔ ነው ሲባባሉ ነው። ሁለቱ ልጆች ዛሬ ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ ወዳጅነታቸው ግን አልቆመም። ይህን ምስል ነጥብ ሰጪው ድርጅት ቢያየው ስንት ከመቶ ይሰጠው ይሆን?

ስሕተትም ቢሆን ታሪክ አለው። ስናግልቱዝ የሚባል በፊልሙ ውስጥ ጥቂት ብቻ የሚታይ ፍጡር አለ። ለፋብሪካው የደረሰው ፎቶግራፍ ከወገብ በላይ ብቻ ስለ ነበር ሠራተኞቹ ቀሪውን በግምት ሞሉት፤ ረጅም አደረጉት፤ ሰማያዊ ልብስ አለበሱት፤ የብር ቀለም ያለው ጫማ አጫሙት። ፍጡሩ ግን በፊልሙ አጭርና ቀይ ልብስ የለበሰ ነው! በ1978 ሲርስ በተባለው ሱቅ የተሸጠው ሰማያዊው ነው፤ በኋላ ታርሞ ቀዩ ወጣ። ይህን የማያውቅ ሰው ሰማያዊውን ቢያገኝ አላፊ መጫወቻ ይመስለዋል፤ የሚያውቅ ሰው ግን አንድ የፋብሪካ ሠራተኛ ግማሽ ፎቶግራፍ ይዞ ሲጨነቅ ይታየዋል። ስለዚህ ከምስሉ አጠገብ አንዲት ወረቀት ካልተጻፈች ሰብሳቢው የሰበሰበው ፕላስቲክ ነው።

ስቲቭ ሳንስዊት የተባሉ አሜሪካዊ በካሊፎርኒያ፣ በፔታሉማ፣ ቀድሞ የዶሮ እርባታ በነበረ ግቢ ውስጥ ከ90 ሺህ በላይ የስታር ዎርስ ዕቃ አከማችተው በጊነስ መዝገብ ገብተዋል። ቁጥሩ ያስደንቃል፤ እኛን ደስ ያሰኘን ግን ጎብኚውን እየመሩ የየዕቃውን ታሪክ ማጫወታቸው ነው። በሮቸስተር ከተማ ያለው የአሻንጉሊት የክብር አዳራሽም በ2012 እነዚህን ምስሎች ሲመዘግብ ካርቶናቸውን አልጠየቀም።

ታሪኩ ሳይጻፍ ሲቀር ምን እንደሚሆን በአገራችን የተሠራ ፊልም አሳይቶናል። ሚጌል ሊያንሶ የተባለው ስፔናዊ በኢትዮጵያ ያዘጋጀውና በ2015 የወጣው «ክራምብስ» ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ነው፤ የስሙ ትርጉም ፍርፋሪ ነው፤ ዋናው ተዋናይ ዳንኤል ታደሰ ነው፤ ሰዎቹም የሚነጋገሩት በአማርኛ ነው። ዓለም ከጠፋ በኋላ የተረፉት ሰዎች የፕላስቲክ አሻንጉሊትና የማይክል ጃክሰን ሸክላ እንደ ታቦት ያከብራሉ፤ ነጋዴው በአሻንጉሊቱ ላይ ታላቅ ታላቅ ተረት ይደርድርበታል። ሲኒማ ውስጥ ሳቅን፤ በኋላ ግን ነገሩ አላስተኛንም። ዕቃው ተረፈ፤ የተጫወተበት ልጅ ግን ተረሳ።

እንግዲህ ወደ ቤታችን እንመለስ። በኅብረታችን አዳራሽ አንድ ባለመስታወት ቁም ሣጥን አለ። በውስጡ ሁለት ዋንጫዎችና ባለቤቱ ያልታወቀ አንድ ጃንጥላ ይገኛሉ። አምስቱን ምስሎች ከነታሪካቸው እዚያ እንድናሳይ፣ ሌላም ተማሪ ከቤቱ ያለውን እንዲያመጣ፣ ከወር በፊት ለኮሚቴው ጻፍን። መልሱ በቃል መጣ፤ «ቁም ሣጥኑ ለቁም ነገር ነው» የሚል ነው። ዘመን ያለፈበት ጃንጥላ ቁም ነገር መሆኑን እስከዚያ ቀን አናውቅም ነበር!

ኮሚቴው ስድስት ኪሎ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም አላየ ይሆን? ያ ሙዚየም ዕቃውን ያሰናዳው እንደ ሰው ዕድሜ፣ ከልደት እስከ ሞት ነው፤ የልጆች ጨዋታም በዚያ ውስጥ ቦታ አግኝቷል። የኛ አምስት የፕላስቲክ ሰዎች ከዚያ ወግ ጋር እንዲቈጠሩ አንጠይቅም። ጥያቄያችን አንድ መደርደሪያ ነው፤ የታችኛውም ቢሆን እንወዳለን።

ነገሩ ደግሞ ቀጠሮ አይሰጥም። የጓደኛችን መስኮት ወደ ምዕራብ ስለሚመለከት ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ፀሐይ ይገባበታል። ፀሐይና ሙቀት የዚህ ዓይነቱን ፕላስቲክ ጠላቶች ናቸው፤ ነጩ ቢጫ ይሆናል፤ ለስላሳውም ውስጡ ያለው ማለስለሻ እየወጣ እጅ ላይ ይጣበቃል። የነጩ ወታደር ግራ ትከሻ ከወዲሁ የቅቤ ቀለም ይዟል። ለጊዜው ከሰዓት በኋላ ጋዜጣ እንጋርድላቸዋለን። የቁም ሣጥኑን ቁልፍ የያዘው የኮሚቴ አባል ይህን ካነበበ፣ የጃንጥላው ባለቤት እስኪገኝ ጃንጥላውን እኛ ዘንድ በአደራ ለማስቀመጥ ዝግጁ ነን።