ተሳቢው የጋራ ሲሆን ፍሬኑ የማን ነው?

አንድ ገበሬ ሁለት በሬ ኖሮት አንደኛው ዘወትር በረት ታስሮ የሚውል ቢሆን፣ ባለ ጥማድ ነው ለማለት ያስቸግራል። ሀብት የሚባለው ሥራ ላይ የዋለው ነውና። ይህ እውነት በዘመናችን ጎልቶ ከሚታይባቸው የሥራ መስኮች አንዱ የጭነት ማመላለሻ ሥራ ነው። በዚህ ሥራ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ታስሮ የሚውለው ሞተር የሌለው ተሳቢ ነው። በየመጋዘኑ ደጅና በየጋራዡ ግቢ ቆሞ የሚታየው ተሳቢ ገንዘብ ወጥቶበታል፤ ታርጋ ተለጥፎበታል፤ መድን ተከፍሎበታል። ነገር ግን የቆመበትን ቀን ያህል ለባለቤቱም ሆነ ለአገሩ አንዳች አያስገባም። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ማለት ለእንዲህ ያለው ሀብት ነው።

ይህን ችግር ለማቃለል በሰሜን አሜሪካ ባለፉት ጥቂት ዓመታት አንድ አዲስ ዘዴ ተነሥቷል። ይኸውም ተሳቢው የቆመበት ባለንብረትና ተሳቢ የቸገረው ባለካሚዮን በእጅ ስልክና በኮምፒዩተር አማካይነት ተገናኝተው የሚከራዩበት ዲጂታል ገበያ ነው። ነገሩ ለእኛም አገር የሚነግረን ቁም ነገር ስላለው፣ ከሥሩ ጀምረን እንመልከተው።

ከባድ የጭነት መኪና በሁለት ዓይነት ይሠራል። አንደኛው ሞተሩና የጭነቱ ሣጥን በአንድ ሻንሲ ላይ የተተከሉበት ነው። ሁለተኛው ሳቢው ለብቻ፣ ተሳቢው ለብቻ ሆኖ በማያያዣ የሚገጣጠም ነው። ይህ ሁለተኛው ዓይነት የተስፋፋው፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1914 ዓ.ም. አውጉስት ፍሩሃውፍ የተባለ በዲትሮይት ከተማ የሚኖር አንጥረኛና ሠረገላ ሠሪ፣ ለአንድ የጣውላ ነጋዴ ጀልባ ማጓጓዣ የሚሆን ተሳቢ በፎርድ መኪና ላይ አያይዞ ከሠራ በኋላ ነው። ነጋዴውም ጥቅሙን አይቶ ጣውላ መጫኛ እንዲሆኑት ሌሎች ተሳቢዎች አሠራ። የዚህ አሠራር ትልቁ ብልሃት መለያየቱ ነው። ውድ የሆነው ሞተርና ሹፌሩ ጭነት እስኪራገፍ ቆመው መጠበቅ የለባቸውም፤ አንዱን ተሳቢ አስቀምጠው ሌላውን ይዘው ይሄዳሉ።

የጊዜው ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ ከአሜሪካ ሕግ መረዳት ይቻላል። በዚያ አገር ጭነት የሚያመላልስ ሹፌር ሥራ ከጀመረበት ሰዓት አንሥቶ ባለው የ14 ሰዓት ክልል ውስጥ ከ11 ሰዓት በላይ እንዲነዳ አይፈቀድለትም። እንግዲህ በመጋዘን ደጅ ለመጫንና ለማራገፍ 4 ሰዓት የቆመ ሰው፣ ከሚነዳበት ጊዜ ላይ መቀነሱ ነው። ስለዚህ ትልልቆቹ ኩባንያዎች ለአንድ ሳቢ ሁለትና ሦስት ተሳቢ መግዛት ልማድ አደረጉ። አንዱ ይጫናል፤ አንዱ ይራገፋል፤ አንዱ በመንገድ ላይ ነው። ይህም ሁለት ውጤት አስከተለ። አንደኛ፣ ሥራ በሚቀዘቅዝበት ወራት ቁጥሩ የበዛ ተሳቢ ያለ ሥራ ይቆማል። ሁለተኛ፣ አንድ ሳቢና አንድ ተሳቢ ብቻ ያለው ትንሽ ባለካሚዮን ከዚህ ብልሃት ተካፋይ ሊሆን አልቻለም። እርሱ በመጋዘኑ ደጅ ተራ ሲጠብቅ፣ የትልቁ ኩባንያ ሹፌር የተጫነውን አያይዞ ወጥቶ ይሄዳል።

ዲጂታል ገበያው የመጣው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። በ1933 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ራይደር የተባለው የካሚዮን አከራይ ኩባንያ፣ በ2018 በአትላንታ ከተማ ባለንብረቶች የቆሙ ካሚዮኖቻቸውንና ተሳቢዎቻቸውን እርስ በርሳቸው የሚከራዩበትን ገበያ ከፈተ። በዚያው ዓመት ኡበር ፍሬይት በቴክሳስ፣ ራሱ ያዘጋጃቸውን ተሳቢዎች ለትንንሽ ባለካሚዮኖች ማቅረብ ጀመረ። አሠራሩ ለመግለጽ ቀላል ነው። ባለንብረቱ የተሳቢውን ዓይነት፣ የቆመበትን ስፍራና የቀን ኪራዩን ያስታውቃል። ፈላጊው መርጦ ይዋዋላል፤ ሲረከብና ሲያስረክብ በስልኩ ፎቶግራፍ ያነሣል፤ ተሳቢው የት እንዳለ ደግሞ በሳተላይት የሚሠራ መከታተያ ያሳያል። ስለዚህም ሳቢ ብቻ ይዞ፣ ተሳቢውን ከሌላ እየተረከበ የሚሠራው ባለካሚዮን ለሥራው አመቺ ጊዜ አገኘ። በአሜሪካ በዚህ ሙያ የተሰማሩ ኢትዮጵያውያን ጥቂቶች ስላይደሉ፣ ነገሩ ከእኛ ቤተሰብ ገበታ የራቀ አይደለም።

ይህ ሁሉ አዲስ ሆኖ ቢታይም የአሳቡ ሥር ግን አሮጌ ነው። በአገራችን አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ገበሬዎች በሬዎቻቸውን አቀናጅተው፣ ተራ በተራ የየራሳቸውን ማሳ የሚያርሱበት መቀናጆ የተባለ ልማድ ከጥንት ጀምሮ አለ። በአሜሪካም በ1955 እ.ኤ.አ. ፔንሲልቬኒያና ኖርፎክ ኤንድ ዌስተርን የተባሉት የባቡር ኩባንያዎች ከሌላ ሸሪክ ጋር ሆነው፣ ተሳቢዎችን የሚሸከሙ ፉርጎዎች በጋራ የሚገኙበትን «ትሬይለር ትሬይን» የተባለ ማኅበር አቋቋሙ። ሌሎች የባቡር ኩባንያዎችም ተራ በተራ ገቡበት፤ ስሙን ለውጦ እስከ ዛሬ ይሠራል። እንግዲህ መጋራት ያለ ኮምፒዩተርም ኖሯል። ኮምፒዩተሩ የጨመረው ፍለጋውን ነው። መቀናጆ የሚጋጠሙት ገበሬዎች ጎረቤቶች ናቸው፤ አንዱ የሌላውን ጠባይ ያውቃል፤ በሬው ቢጎዳ ማን እንደሚጠየቅ ሽማግሌ ያውቃል። ዲጂታሉ ገበያ ግን የሚያገናኘው ከዚህ በፊት ተያይተው የማያውቁ ሰዎችን ነው። መተዋወቅ የሚሰጠው እምነት ስለሚጎድል፣ በምትኩ የጠራ ደንብ ሊገባ ግድ ነው።

ይህ ደንብ በሌለበት ጊዜ ምን እንደሚሆን የአሜሪካ ወደቦች ታሪክ በሚገባ ያስተምራል። በዚያ አገር ኮንቴይነር የሚያርፍበት፣ ግድግዳና ወለል የሌለው ተሳቢ ለብዙ ዘመን የመርከብ ኩባንያዎችና የአከራዮች ንብረት ነበር። ሹፌሩ ወደቡ ደርሶ የተሰጠውን አያይዞ ይወጣል። በመንገድ ላይ ፖሊስ ሲያስቆመው ፍሬኑ የላላ፣ ጎማው ያለቀ፣ መብራቱ የጠፋ ሆኖ ቢገኝ፣ ቅጣቱ የሚጻፈው በሹፌሩና በካሚዮኑ ኩባንያ ላይ ነበር። ጥገናው የሚያስፈልገው ንብረት በአንድ ሰው እጅ፣ ቅጣቱ በሌላ ሰው ራስ ላይ ሆኖ ቆየ። በዚህ ሁኔታ ባለንብረቱ ለጥገና ገንዘብ የሚያወጣበት ምክንያት አልነበረውም። ሹፌሩ ደግሞ «ይህን አልወስድም» ቢል፣ የሚጠብቀው ሌላ ሰልፍና የባከነ ቀን ነው።

በመጨረሻ በ2005 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ምክር ቤት በአወጣው ሕግ፣ በ2008 ደግሞ ሕጉን ለማስፈጸም በወጣው ደንብ መሠረት፣ የእነዚህ ተሳቢዎች አቅራቢ የመመርመር፣ የመጠገንና የመጠበቅ ግዴታ በራሱ ላይ ተጣለበት። አቅራቢው በመንግሥት መዝገብ እንዲመዘገብ፣ ተሳቢው የማን እንደሆነ የሚያሳውቅ ምልክት እንዲለጠፍበት፣ ሹፌሩም ያየውን ጉድለት የሚያስታውቅበት ሥርዓት እንዲኖር ታዘዘ። ሹፌሩ ከመነሣቱ በፊት ዓይኑ ሊያየው የሚችለውን የመመርመር ግዴታው አልቀረለትም፤ ነገር ግን ከሸክሙ የእርሱ ያልሆነው ተነሣለት። በ2015 በሎስ አንጀለስና በሎንግ ቢች ወደቦች ሦስት ትልልቅ አከራዮች ተሳቢዎቻቸው አንዱ በሌላው ምትክ እንዲሠሩ ሲስማሙ፣ የኃላፊነቱ ጥያቄ አስቀድሞ በሕግ ተለይቶ ነበር። በእኔ አስተያየት የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ይህ ነው። መጋራት የሚጸናው የፍሬኑ ባለቤት ማን እንደሆነ ከታወቀ በኋላ ነው።

ገበያው ራሱስ የሚታመን ነውን? በ2015 እ.ኤ.አ. በሲያትል የተቋቋመው ኮንቮይ የተባለው ኩባንያ፣ ባለጭነትንና ባለካሚዮንን በኮምፒዩተር ያገናኝ፣ ለትንንሽ ባለካሚዮኖችም ተጭነው የቆዩ ተሳቢዎችን ያቀርብ ነበር። በ2022 ዋጋው 3.8 ቢሊዮን ዶላር ተብሎ ተገምቶ ነበር። የጭነት ገበያው በቀዘቀዘ ጊዜ፣ በጥቅምት ወር 2023 በድንገት ሥራውን አቆመ። ኑሮውን በአንድ ገበያ ላይ ብቻ የመሠረተ ባለካሚዮን በዚያ ቀን ምን እንደተሰማው መገመት አያዳግትም። የዚህ ትርጉም ዲጂታል ገበያ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ገበያው ሲዘጋ ተሳቢው በማን እጅ እንደሚቀር፣ ያልተከፈለው ኪራይ ከማን እንደሚጠየቅ፣ መዝገቡን ማን እንደሚይዝ ከመጀመሪያው በውል መጻፍ አለበት ማለት ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። የኢትዮጵያ የውጭ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የሚተላለፈው በጅቡቲ ነው። የምናስገባው ዕቃ ከምናስወጣው እጅግ ስለሚበልጥ፣ ወደ ወደቡ የሚወርደው ካሚዮን ብዙውን ጊዜ ባዶውን ይወርዳል። በዚህ ነጥብ ላይ ራሳችንን ማታለል አይገባም። ተሳቢ መጋራት የንግዱን ሚዛን ሊያቀና አይችልም። የሚወርድ ጭነት ከሌለ፣ የጋራውም ተሳቢ ባዶውን ይወርዳል። ደግሞም በአገራችን ብዙው ካሚዮን ራሱም ጭኖ ሌላ ተሳቢ የሚጎትት ስለሆነ፣ ሳቢውን ፈትቶ የመሄዱ ጥቅም በአሜሪካ ያለውን ያህል አይሆንም። መኪኖቻችንም ከልዩ ልዩ አገር የመጡ በመሆናቸው፣ የማያያዣው ከፍታና የፍሬኑ ቱቦ መግጠሚያ ሁሉም ዘንድ አንድ ላይሆን ይችላል።

ይህም ሆኖ ጥቅም የሚገኝበት ስፍራ አለ። በሞጆ ደረቅ ወደብና በየመጋዘኑ ደጅ በመጫንና በማራገፍ የሚባክነው ቀን፣ ሳቢውና ተሳቢው ቢለያዩ የሚድን ቀን ነው። ማዳበሪያ ለእርሻ ወቅት እንዲደርስ ሲጣደፍ ካሚዮን ይጠፋል፤ ያ ጥድፊያ ሲያልፍ ደግሞ ተሳቢ ይቆማል። ወቅታቸው የተለያየ ባለንብረቶች ቢገናኙ፣ አገሪቱ በውጭ ምንዛሪ አዲስ ተሳቢ ከመግዛቷ በፊት ያላትን ለመጠቀም ትችላለች። ይህን የሚያገናኝ ደላላ ዛሬም በየመናኸሪያው አለ። ስልኩ የደላላውን ሥራ ሊያፈጥነው ይችላል፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 በኮምፒዩተር የተደረገ ውል በሕግ ፊት እንዲታወቅ መንገድ ከፍቷል።

የፍሬኑ ጥያቄ ግን እዚህም ይጠብቀናል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2081፣ የሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ለሚያደርሰው ጉዳት፣ የነዳው ሌላ ሰው ቢሆንም እንኳ፣ ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል። ሕጉ ሲጻፍ በዓይነ ኅሊና የታየው አንድ ባለቤት ያለው መኪና ነው። ሳቢው የአንዱ፣ ተሳቢው የሌላው፣ ሹፌሩ የሦስተኛ ሰው ተቀጣሪ፣ አገናኙ በአዲስ አበባ የተቀመጠ ኮምፒዩተር በሚሆንበት ጊዜ፣ በአዋሽ ቁልቁለት ላይ የተሳቢው ፍሬን ቢበጠስ ተጠያቂው ማን ነው? ሞተር የሌለው ተሳቢስ ለብቻው በዚህ ቁጥር ይገባልን? መልሱ አስቀድሞ ካልተወሰነ፣ ውሳኔው ለአደጋው ቀን ይቀራል ማለት ነው። በዚያን ቀን ደግሞ በስፍራው የሚገኘውና የሚያዘው ሹፌሩ ብቻ ነው።

አንዳንዶች «ነገሩን ለገበያው መተው ይሻላል፤ ደንብ ቀድሞ ከመጣ አዲስ ሥራን ያንቃል» ይላሉ። ቃላቸው ሙሉ በሙሉ የሚናቅ አይደለም፤ ፎርም የበዛበት ሥራ እንደሚዘገይ በየመሥሪያ ቤቱ የምናየው ነው። ነገር ግን በአሜሪካ ወደቦች ገበያው ለብዙ ዘመን ብቻውን ቢተውም የፍሬኑን ጥያቄ አልፈታም፤ ሸክሙን መከራከር ለማይችለው አስተላለፈው እንጂ። ደንቡ ረጅም መሆን የለበትም። አራት ነገሮችን ቢወስን ይበቃል፤ እያንዳንዱ ተሳቢ በስሙ የሚጠየቅ አንድ ተጠባባቂ ይኑረው፤ ምርመራው በተወሰነ ጊዜ ተደርጎ ይጻፍ፤ መድኑ ተሳቢው ከየትኛውም ሳቢ ጋር ቢያያዝ የሚከተለው ይሁን፤ ሹፌሩ የተበላሸ ተሳቢ አልወስድም በማለቱ የቀን ገቢውን እንዳያጣ ይጠበቅ።

ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት መካከል ነገ በትራንስፖርት፣ በመድን ወይም በፍትሕ መሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ዘንድ የሚቀመጡ ብዙዎች ናቸው። ስልኩን የሚሠራው መሐንዲስ አይጠፋም፤ በአገራችንም ወጣቶች ጀምረውታል። የሚያስፈልገው፣ የተሳቢ ኪራይ ውል ለፊርማ በቀረበለት ጊዜ «ዋጋው ስንት ነው?» ብሎ ከመጠየቁ በፊት «ፍሬኑን መጨረሻ የመረመረው ማን ነው? ስሙ የት ተጽፏል?» ብሎ የሚጠይቅ ባለሥልጣን ነው።