ቁጥር 1186፦ አንዱ ለመጪው፣ አንዱ በመጪው ላይ

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው አንድ የቀረጥ ደንብ ቁጥሩ 1186 ነው። የእኛ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2012 ዓ.ም. ያጸደቀው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅም ቁጥሩ 1186 ነው። ቁጥሩ የገጠመው እንዲያው በአጋጣሚ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ዘርግቶ ለሚያነብ ግን፣ ጓዙን ጠቅልሎ የሚመጣን ሰው አንደኛው አገር በምን ዓይን፣ ሌላው በምን ዓይን እንደሚያየው ቁልጭ ብሎ ይታየዋል።

የአውሮፓው 1186 መኖሪያውን ስለሚያዛውር ሰው የሚናገረው ነገር እጅግ ቀላል ነው። ከኅብረቱ ውጭ ቢያንስ 12 ወር የኖረና በንብረቱ ቢያንስ 6 ወር የተገለገለ ሰው መኪናውን ያለ ቀረጥ ይዞ ይገባል። በዝርዝሩ ላይ የመዝናኛ ጀልባና የግል አውሮፕላን ሳይቀር ሰፍረዋል። (እኛ የባሌ ሰዎች የወይብ ወንዝን ተማምነን ጀልባ እናስገባ አንልም፤ እሱ ይቅርብን።) በምላሹ ሕጉ የሚጠይቀው፣ ሰውየው 12 ወር እስኪሞላ ድረስ ሳያሳውቅ እንዳይሸጠው፣ እንዳያከራየው፣ እንዳያውሰው ነው። ከሸጠ ቀረጡን ይከፍላል። ለመኖር ሳይሆን ለጥቂት ጊዜ የሚገባ እንግዳ ደግሞ በሌላ ድንጋጌ 6 ወር ነድቶ መኪናውን ይዞ ይወጣል።

የእኛው 1186 መጪው ማን እንደሆነ፣ ለምን እንደመጣ፣ ለስንት ጊዜ እንደመጣ አይጠይቅም። የሚጠይቀው የመኪናውን ዕድሜና የሞተሩን መጠን ነው። ከ7 ዓመት በላይ ያገለገለ መኪና ላይ ኤክሳይሱ እስከ 500 በመቶ ይደርሳል። በዚያ ላይ የጉምሩክ ቀረጡ፣ 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስና 10 በመቶው ሱር ታክስ አንዱ በሌላው ጫንቃ ላይ እየወጣ ይሰላል። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ ኤሌክትሪክ ያልሆነ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑ በትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ተነገረ። አሮጌ መኪና አየር ይበክላል፣ ነዳጅ የውጭ ምንዛሪ ይበላል የሚለውን ክርክር አላጣጥለውም። ቋሚ ሆኖ የሚቀረውን መኪና በሚመለከት ትክክል ሊሆን ይችላል። እኔ የምጠይቀው ተመልሶ ስለሚወጣው ነው።

እስቲ ወደ ሮቤና ጎባ እንምጣ። ጎባ ሆስፒታል አለ፤ ሮቤ ዩኒቨርሲቲ አለ። ሁለቱም ልዩ ሐኪምና ተመራማሪ ሲሹ ይኖራሉ። በውጭ አገር ያሉ የሙያ ባልደረቦቻችን «ሁለት ዓመት መጥተን እናገልግል» ሲሉ የምንሰማው ጥቂት ጊዜ አይደለም። ነገሩ ወደ ዝርዝር ሲገባ ግን ስለ ቤት፣ ስለ ልጆች ትምህርት፣ ከዚያም ስለ መኪና ይጠየቃል። አዲስ አበባ ለሚቀመጥ ሰው መኪና ምቾት ነው ይባል። ከመዲናይቱ 430 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከጎባ ተነሥቶ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የሳነቴን አምባ ተሻግሮ፣ በሪራ በኩል ቁልቁል ወደ ዶሎ መና ለሚወርድ ሐኪም ግን መኪና የሥራ መሣሪያ ነው። ኤሌክትሪክ ይግዛ የሚል ካለ፣ በመጀመሪያ በዚያ ብርድና ዳገት የት እንደሚሞላው ይንገረን።

በዚሁ ከተማ ሌላ ዓይነት መጪ አለ። በሁለት መንግሥታት ስምምነት ወይም በአንድ ፕሮጀክት ስም የሚመጣው ባለሙያ መኪና ያለ ቀረጥ ይገባለታል። ለዲፕሎማቱ የ1961ዱ (እ.ኤ.አ.) የቪየና ስምምነት አንቀጽ 36 አለለት። ይህን አልቃወምም፤ እንግዳን ማክበር የኖረ ባህላችን ነው። የምቃወመው፣ ያው ሆስፒታል ያው ሕሙማን ፊት የሚቆሙ ሁለት ሐኪሞች፣ አንዱ የፕሮጀክት ደብዳቤ ስለያዘ፣ ሌላው የአገሩ ልጅ ስለሆነ ብቻ በሁለት ሕግ መዳኘታቸውን ነው። ደግሞም የዚያ «ጊዜያዊ» መኪና መጨረሻ የት ነው? ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ተረካቢው ቀረጥ ክፈል ይባላል፤ በጀት የለውም። ላንድክሩዘሩ ጎማው ተንፍሶ፣ ሣር በቅሎበት፣ ዶሮ ዕንቁላል የምትጥልበት ይሆናል። ያየሁበትን ግቢ አልጠራም፤ አንባቢ በየከተማው አንድ አያጣም።

የባሌ ሰው ይህን ጉዳይ ከጉምሩክ ቀድሞ ፈትቶታል ብል ማጋነን አይሆንም። ጎዳንቱ የሚባል ሥርዓት አለ። ክረምት ገብቶ የታችኛው መሬት በእህል ሲያዝ ከብቱ ወደ ተራራው ግጦሽ ይወጣል፤ በበጋው ሐሩር ደግሞ የሐረና ደን ጥላ ይፈለጋል። ወራቱ ሲያልፍ ከብቱ ወደመጣበት ይመለሳል። በሣሩ የተጠቀመ ሁሉ ባለርስት ነው አይባልም፤ መሬቱ የእርሱ ስላልሆነም ከብትህን አታስገባ አይባልም። የመግቢያና የመውጫ ጊዜው ይታወቃል፣ ነገሩ አለቀ።

«ተፈቅዶ ቢሆን መኪና ነጋዴ ይሞላዋል» የሚለው መልስ ደጋግሞ ይሰማል። እውነት አለው። በዕድሜ ልክ ነፃነት መልክ የተሰጠ ነገር ሁሉ ወደ ገበያ ይወጣል፤ ያለ ቀን ገደብና ያለ ዋስትና የተሰጠ መብት ሌላ መጨረሻ የለውም። ነገር ግን በ2006 ዓ.ም. የወጣው የጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859 ለጊዜው ገብቶ ተመልሶ የሚወጣን ዕቃ ያውቃል፤ ዋስትናም ይይዝበታል። የመንገድ ሥራ ተቋራጭ ግሬደሩንና ዶዘሩን የሚያስገባው በዚህ በር ነው። ለሐኪሙና ለመምህሩ አዲስ አዋጅ አያስፈልግም፤ ይኸው በር ይከፈትላቸው። ከአዲስ አበባ ውጭ ላለ የሕዝብ ተቋም የተጻፈ የሥራ ውል የያዘ ማንኛውም ሰው፣ የውጭ ዜጋም ይሁን ትውልደ ኢትዮጵያዊ፣ ሲጠቀምበት የኖረውን አንድ መኪና በባንክ ዋስትና ለውሉ ዘመን ያስገባ። የነዳጅ መኪና ክልከላውም እርሱን አይመልከተው፤ መኪናው ሊቀር አልመጣምና። መሸጥ ቢፈልግ እንደ ማንኛውም አስመጪ ቀረጡን ይክፈል። ውሉ ሲያልቅ በጋላፊ ይዞት ይውጣ፤ ካላወጣው ዋስትናው ይወረስ። ለግሬደር የሚሠራው ሥርዓት ለሐኪም የማይሠራበትን ምክንያት የገንዘብ ሚኒስቴር በጽሑፍ ይንገረን።