የሽኝት ድግስ ወይስ ስንቅ?

በየዓመቱ ከመካከላችን ለትምህርት ባሕር ማዶ የሚሻገሩ ጓደኞች አሉ። መሄጃቸው ሲቃረብ ተበድረን እንደግሳለን፤ ተጓዡም ተበድሮ አዲስ ሱፍ ያሰፋል። ነገር ግን ያ ሱፍ የአውሮፓንና የአሜሪካን የጥር ብርድ አይመልስም፤ የሚያስፈልገው ወፍራም ካፖርት ነው።

ስለዚህ ለተጓዦች የምንመክረው ይህን ነው። የቢጫ ወባ ክትባት ወረቀት የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ስለ ሆነ ለመጨረሻው ሳምንት አይቆይ፤ ከሐምሌ 2008 ዓ.ም. ወዲህ ዕድሜ ልክ ያገለግላልና አይጣል። መድኃኒት የሚወስድ ከነማሸጊያውና ከሐኪሙ ማዘዣ ጋር በእጅ ሻንጣው ይያዝ። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ያለው በረራ ከ13 ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ የእግርን ደም ሊያረጋ ስለሚችል፣ በየጊዜው ተነሥቶ መንጐራደድና ውሃ መጠጣት ይበጃል። ያለ ሕክምና ዋስትና መሄድም አይገባም፤ በዚያ አገር አንድ ሌሊት ሆስፒታል መተኛት ኪስ ያራቁታል።

ማኅበራችን ዘንድሮ የድግሱን መዋጮ ለካፖርትና ለዋስትና እንዲያውለው፣ ከባሕር ማዶ የተመለሱ መምህራኖቻችንም አንድ ምሽት ተቀምጠው ያዩትን እንዲያካፍሉን እንጠይቃለን። ስንቅ የሌለውን መንገደኛ የሸኚ ጭብጨባ አያሞቀውም።