ፍላሽ ካርድ ወይስ ሃርድ ዲስክ?

የአንድ ዕቃ ብልጫ የሚለካው በሚውልበት ሥራ ነው። በፋብሪካ መሣሪያ ወይም በዝናብ መለኪያ ጣቢያ ተገጥሞ አንድ ተግባር ብቻ ለሚያከናውን ትንሽ ኮምፒዩተርም የመረጃ ማኅደር ሊመረጥለት የሚገባው በዚሁ መለኪያ ነው።

ሃርድ ዲስክ ብዙውን ጊዜ በደቂቃ 5400 ወይም 7200 ጊዜ የሚሽከረከር ሳሕን አለው። ስለዚህ መነቅነቅ ይጎዳዋል፤ ኃይልም ይፈጃል። ፍላሽ ካርድ ግን የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው መነቅነቅን ይችላል፤ ጥቂት ኤሌክትሪክም ይበቃዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 ለሽያጭ የቀረበው ራስበሪ ፓይ የተባለው ትንሽ ኮምፒዩተር ሥራውን የሚጀምረው ከካርድ መሆኑ ያለ ምክንያት አልነበረም።

ይህን ያየ ሰው ካርድ ሁልጊዜ ይበልጣል ይል ይሆናል። ይሁን እንጂ ካርድ እየተደመሰሰ የሚጻፍበት ጊዜ የተወሰነ ነው፤ በየሰከንዱ ቢጻፍበት ቀስ በቀስ ያልቃል። በመጻፍ ላይ ሳለ መብራት ቢጠፋም መዝገቡ ሊበላሽ ይችላል።

እንግዲህ በእኔ አስተያየት፣ ብዙ ለሚነበብና ጥቂት ለሚጻፍበት፣ እንዲሁም ከቦታ ወደ ቦታ ለሚንቀሳቀስ መሣሪያ ካርድ ይሻላል፤ በአንድ ስፍራ ረግቶ ብዙ መረጃ ያለማቋረጥ ለሚመዘግብ ግን ሃርድ ዲስክ ይመረጥ። የትኛውም ቢመረጥ፣ «አንድ ያላት እንቅልፍ የላት» እንዲሉ፣ የመረጃው ቅጂ በሌላ ቦታ ሊቀመጥ ይገባል። የተሰበረ ዕቃ በገንዘብ ይተካል፤ የጠፋ የዓመታት የዝናብ መዝገብ ግን በምንም ገንዘብ አይገዛም።